እህል የማይገባበት የፍራፍሬ ዳቦ

እህል የማይገባበት የፍራፍሬ ዳቦ ከተፈጨ አልሞንድ፣ ከእንቁላልና በደንብ ከበሰለ ፍራፍሬ የሚጋገር፣ ስንዴም ሆነ ሌላ የብርዕ ወይም የአገዳ እህል የማይነካው ለስላሳ ዳቦ ነው። ጣዕሙን የሚያገኘው ከፍራፍሬው ስለሆነ ስኳር ወይ ጨርሶ አይጨመርበትም፣ ወይ እጅግ ጥቂት ይጨመርበታል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሙዝ ነው፤ ፖም፣ ብርቱካንና ቴምርም ያገለግላሉ። እርሾ አይገባበትም፣ ሊጡም እስኪቦካ አይጠበቅም፤ ስለዚህ ከመመዘን እስከ መጋገር ሁለት ሰዓት አይፈጅም። በቅርጹና በአቆራረጡ ዳቦ ይባል እንጂ በአሠራሩ ለኬክ ይቀርባል።

ይህ ዳቦ ግሉተን ከሌለው ዳቦ ጋር አንድ አይደለም። ጤፍ፣ ሩዝ፣ በቆሎና ማሽላ ግሉተን የላቸውም፤ ነገር ግን እህል ናቸው። በጤፍ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ የስንዴ ግሉተን ለሚጎዳው ሰው ይስማማል፤ እህልን በሙሉ ለተወ ሰው ግን አይሆንም። ልዩነቱ የሚጎላው በስታርች መጠን ነው፤ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ የተጋገረ ዳቦ ግሉተን ባይኖረውም በስታርቹ ብዛት ከስንዴው ብዙም አይለይም። ያለ እህል ዳቦ መጋገር ደግሞ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሀዲያ፣ በከምባታና በጋሞ ቤቶች የሚጋገረው ቆጮ ከእንሰት ግንድና ሥር ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተብላልቶ የሚዘጋጅ ነው፤ ከእህል ምንም የለበትም። እንሰት ራሱ የሙዝ ቤተሰብ ተክል ነው። ቆጮ ግን በስታርች የበለጸገ ምግብ ስለሆነ፣ እዚህ የሚተዋወቀው ዳቦ በሌላ መንገድ የመጣ ነው።

ያ መንገድ የሚጀምረው ከአንድ በሽታ ነው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃዋል። መንስኤው ከመታወቁ በፊት ብዙ ሕፃናት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰውነታቸው መንምኖ ይሞቱ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ሲድኒ ሃስ ዳቦን፣ ብስኩትን፣ ድንችንና እህልን ሁሉ ከልክሎ ሙዝን ዋና ምግብ የሚያደርግ አመጋገብ አሳተመ። ሕፃናቱ አገገሙ፤ ሃስም ያዳናቸው ሙዙ መሰለው። ጉዳዩ ከማዕዱ የተነሳው ስንዴ መሆኑን ያሳየው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካረል ዲከ ነው። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው የብርድ ወራት ሆላንድ በረሃብ ስትመታ ዳቦ ከገበያ ጠፋ፤ የሴሊያክ ሕሙማን ሕፃናት ግን በዚያ ሁሉ ችግር መሀል ተሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስም ሕመማቸው ተመለሰ። ዲከ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የያዘውን ጥርጣሬ በ1950 እ.ኤ.አ. በዶክትሬት ጽሑፉ አቀረበ። የሃስ አመጋገብ ግን በዚህ አልተረሳም። ልጇን ሃስ ያከመላት ኢሌን ጎትሻል በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ አመጋገቡን በሰፊው አስተዋወቀችው፤ በተፈጩ ለውዛ ለውዝ ፍሬዎች ዳቦና ኬክ መጋገርም ከዚያ በኋላ በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ቤቶች ገባ።

ሌላው ምንጭ ከዚህ እጅግ ይቀድማል። በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን የስንዴ፣ የገብስና የመሰሎቻቸው ዱቄት በኬክ ውስጥ ስለማይገባ፣ ከስፔን የተሰደዱት አይሁድ ዝርያዎች በተፈጨ አልሞንድ መጋገርን ባህላቸው አድርገው ኖረዋል። ካይሮ የተወለደችው ክላውዲያ ሮደን በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የመካከለኛው ምሥራቅ ምግቦች መጽሐፏ ያስተዋወቀችው የብርቱካን ኬክ የዚህ ምሳሌ ነው። ሁለት ብርቱካን ከነልጣጩ ለረጅም ሰዓት ይቀቀልና ይፈጫል፤ ከ6 እንቁላል፣ ከ250 ግራም አልሞንድና ከ250 ግራም ስኳር ጋር ተደባልቆ ይጋገራል። የእህሉ ጉዳይ በዚህ ኬክ ከተፈታ ቆይቷል ማለት ነው፤ የቀረው ስኳሩ ነው።

ዱቄቱን በዱቄት ተክቶ መሄድ ለምን እንደማይቻል ለመረዳት ስንዴ በሊጥ ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ ይበጃል። የስንዴ ዱቄት ውኃ ሲነካውና ሲታሽ ግሉተኒንና ግሊያዲን የተባሉት ፕሮቲኖቹ ተያይዘው ግሉተንን ይፈጥራሉ። ግሉተን እንደ ፊኛ ተለጥጦ አየሩን በውስጡ ይይዛል፤ ስታርቹ ደግሞ በምድጃው ሙቀት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ዳቦውን ያጸናዋል። አልሞንድ ሁለቱንም አይችልም። ከ100 ግራም አልሞንድ ውስጥ 50 ግራም ያህሉ ስብ፣ 21 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ 12 ግራም ያህሉ አሰር ነው፤ ስታርቹ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የነጭ ስንዴ ዱቄት በአንጻሩ ከሦስት አራተኛው በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። አልሞንድ ለዳቦው ልስላሴ፣ ክብደትና ጣዕም ይሰጣል፤ አየር መያዝና ቀጥ ብሎ መቆም ግን አይሆንለትም።

ዳቦውን የሚያቆመው እንቁላል ነው። የእንቁላል ፕሮቲን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ መርጋት ስለሚጀምር፣ ሊጡ በተነፋበት ቅርጽ እንዳለ ያስረዋል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው ዳቦ ከተለመደው የሙዝ ዳቦ እጥፍ ያህል እንቁላል የሚጠይቀው፤ ከእንቁላሉ የሚቀንስ ሰው ሲቆረጥ የሚፈረካከስ ዳቦ ያገኛል። የኮኮናት ዱቄት ሌላ ጠባይ አለው። አሰሩ እጅግ ብዙ ስለሆነ ውኃ ይመጥጣል፤ በአልሞንድ ምትክ ብቻውን ሲገባ መጠኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ እንቁላሉም ይጨመራል። ጥሩ አገልግሎቱ በጥቂቱ ሲገባ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የሙዙን እርጥበት ጠጥቶ ውስጡን ከመላቆጥ ያድነዋል።

አልሞንዱ በቤት ሊፈጭ ይችላል። በፈላ ውኃ ለአንድ ደቂቃ ተነክሮ ልጣጩ በጣት ይወልቃል፤ ከዚያ ፍጹም እስኪደርቅ ተሰጥቶ በትንሽ በትንሹ፣ መፍጫውን እያቆሙ ይፈጫል። ያለ እረፍት ከተፈጨ ዘይቱ ወጥቶ ይላቆጣል። የተፈጨው በወንፊት ቢነፋ ዳቦው ይለሰልሳል። አልሞንድ ውድ በሆነበት ቦታ ኦቾሎኒ ሊተካው ይችላል፤ ኦቾሎኒ የጥራጥሬ ዘር እንጂ የብርዕ እህል አይደለም፤ ጣዕሙ ግን የፍራፍሬውን ይጫናል። የሱፍ አበባ ፍሬም ይሆናል፤ ይሁንና በውስጡ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ የዳቦውን ውስጥ አረንጓዴ ያደርገዋል። የሚያስደነግጥ መልክ ነው፣ ጉዳት ግን የለውም።

ከፍራፍሬዎቹ ሁሉ ሙዝ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልበሰለ ሙዝ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ስታርች ነው፤ ሲበስል ይህ ስታርች ከሞላ ጎደል ወደ ስኳር ይለወጣል። ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ፣ በሹካ ሲጫኑት የሚላቆጥ ሙዝ ዳቦውን ለማጣፈጥ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። እዚህ ላይ ግን ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ ስኳር ያልተጨመረበት ዳቦ ስኳር የሌለበት ዳቦ አይደለም። 300 ግራም የተላጠ ሙዝ 36 ግራም ያህል ስኳር ይዟል፤ ከአልሞንዱ የሚመጣው ጥቂት ሲደመርበት ዳቦው 12 ቦታ ቢቆረጥ በአንድ ቁራጭ 4 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ይደርሳል። ያው መጠን ሙዝ ከ200 ግራም ስኳር ጋር በስንዴ ዱቄት ሲጋገር ቁራጩ ወደ 20 ግራም ይጠጋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሚጠፋው ግን በቀላሉ ነው። ቴምር ከክብደቱ ወደ ሁለት ሦስተኛው ስኳር ስለሆነ አንድ እፍኝ የተፈጨ ቴምር ሒሳቡን ያናጋዋል። ማርም ቢሆን ከስኳር አይሻልም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሰዎች እንዲቀንሱት ከመከረው የስኳር ዓይነት ማርን ይቆጥረዋል፣ በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ግን አይቆጥርም። ጣፋጭነቱን ከፍ ማድረግ የፈለገ ሰው ቀረፋና ቫኒላ ቢጨምር ይሻለዋል፤ ሽታቸው ብቻውን ምላስን ያታልላል። ኮረሪማም ከሙዝ ጋር እጅግ ይስማማል።

የሚያነፋው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሶዳ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሙዙ ያለው አሲድ ጥቂት ስለሆነ ሎሚ ወይም አቼቶ ይጨመራል። ቤኪንግ ፓውደር አሲዱን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፣ ነገር ግን አብዛኛው እንዳይቋጠር የበቆሎ ስታርች ይደባለቅበታል፤ እህልን ፈጽሞ የተወ ሰው ማሸጊያውን ማንበብ አለበት።

ለአንድ ረጅም የዳቦ መጋገሪያ ዕቃ 300 ግራም የተላጠ ሙዝ፣ 4 እንቁላል፣ 250 ግራም የአልሞንድ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዱቄት፣ 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ቁንጥር ጨው ይበቃል። በብርጭቆ ከመስፈር መመዘን ይሻላል፤ የአልሞንድ ዱቄት ሲጠቀጠቅና ሲላላ ልዩነቱ ብዙ ነው። ሙዙ በሹካ ይፈጫል፣ እንቁላሉ አረፋ እስኪያወጣ ተመትቶ ከሙዙ፣ ከዘይቱና ከሎሚው ጋር ይደባለቃል፤ ደረቁ ሁሉ ለብቻው ከተቀላቀለ በኋላ ይገባበታል። ግሉተን ስለሌለ ማሸት አያስፈልግም፣ ብዙ ማማሰልም አያጠነክረውም። ሶዳው ሥራውን ወዲያው ስለሚጀምር ግን ሊጡ ቆሞ መጠበቅ የለበትም። የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ዕቃ ተገልብጦ አስቀድሞ በ170 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ይገባል፤ ከ50 እስከ 60 ደቂቃም ይቆያል። አልሞንድ፣ እንቁላልና የሙዝ ስኳር ሶዳ ባለበት ቶሎ ይጠቁራሉ። ስለዚህ በ25ኛው ወይም በ30ኛው ደቂቃ ላዩን በፎይል መሸፈን ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ውስጡ ሳይበስል ቅርፊቱ ያራል።

መብሰሉ የሚታወቀው መሀሉ ላይ የተሰካ ስቴኪኒ ሊጥ ሳይዝ ሲወጣ ነው። በቴርሞሜትር የሚለኩ የውጭ መጻሕፍት መሀሉ 95 ዲግሪ ገደማ እንዲደርስ ይጠይቃሉ፤ ይህ ለአዲስ አበባ ሰው አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ስለምታልፍ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥብ ሊጥ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም። እዚያ 90 ዲግሪ በቂ ነው፤ ዳቦው ግን ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ በመሆኑም ጋዙ ይበልጥ ይነፋል፤ ሶዳው በሩብ ካልተቀነሰ ዳቦው መጀመሪያ ከፍ ብሎ ኋላ መሀሉ ይሰረጉዳል።

ከምድጃ የወጣ ዳቦ በትኩሱ አይቆረጥም። ስንዴ የሌለበት ሊጥ ጽናቱን የሚጨርሰው ሲቀዘቅዝ ነው፤ 10 ደቂቃ በዕቃው ውስጥ፣ ከዚያም ወጥቶ በአየር ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ ግድ ነው። በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል። እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ከሁለት ቀን በላይ ከፍሪጅ ውጭ አይቆይም፤ በፍሪጅ ለአምስት ቀን ያህል፣ ተቆርጦ በበረዶ ቤት ደግሞ ለሁለት ወር ይቀመጣል።

ለጾም የሚጋግር ሰው እንቁላሉን በተልባ መተካት ይችላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ እስኪያጣብቅ ሲቆይ የአንድ እንቁላል ምትክ ይሆናል፤ ቅቤውም በዘይት ይለወጣል። ተልባ ያያይዛል እንጂ እንደ እንቁላል አይረጋም፤ ረጅም ዳቦ ውስጡ ስለሚላቆጥ ሊጡን በትናንሽ የኬክ ዕቃዎች ማካፈሉ የተሻለ ነው።

አንድ ቁራጭ ከ200 ኪሎ ካሎሪ ትንሽ ያልፋል፤ አብዛኛው ከአልሞንዱና ከዘይቱ ስብ ይመጣል፤ ስኳሩ ማነሱ ክብደት ለመቀነስ የተዘጋጀ ምግብ አያደርገውም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በአንድ ቁራጭ 10 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ አሰሩን ጨምሮ፣ ብሎ ሊያሰላው ይችላል። አልሞንድ ለሚያስቆጣው ሰው ዳቦው አደገኛ ነው፤ ለእንግዳ ሲቀርብም ምን እንደገባበት ቀድሞ መነገር አለበት። ለሴሊያክ ሕመምተኛ ሲጋገር ደግሞ የስንዴ ዱቄት የሚነፋበት ወንፊት፣ የእንጨት ማማሰያና የተቧጠጠ አሮጌ መጋገሪያ ዕቃ አይነኩም፤ በቀዳዳዎቹና በስንጥቆቹ የሚቀረው ዱቄት ሕመሙን ለመቀስቀስ ይበቃል፣ እጥበትም ሁልጊዜ አያወጣውም።