ጉድጓዱ ስንት ደቂቃ ይሰጣችኋል?

ቤዝመንት ያለው ቤት ውስጥ የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ ዝናብ ከጣለ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ወደ ታች ውረዱና ጥግ ላይ ያለውን ክብ ክዳን ከፍታችሁ በስልካችሁ መብራት ጉድጓዱን ተመልከቱ። መጀመሪያ ከጎን በተሰካው ቱቦ ውሃ ሲንጠባጠብ ትሰማላችሁ። ውሃው ቀስ እያለ ይነሳል፤ ተንሳፋፊውም አብሮት ወደ ላይ ይወጣል። ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ይላል፣ ፓምፑ ይነሳል፣ በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ጉድጓዱ ሊደርቅ ይደርሳል። ከዚያ ቧንቧው ውስጥ አንድ ደንገጥ የሚያደርግ ምት ትሰማላችሁ፤ የተገፋው ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጋው ቫልቭ ነው። እኔ ይህን ድምፅ በጣም ነው የምወደው።

ውሃው የሚመጣው ከቤቱ መሠረት ዙሪያ ከተቀበረ የተበሳሳ ቱቦ ነው። አፈሩ ዝናቡን ጠጥቶ ሲጠግብ የተረፈው ውሃ ግድግዳውንና ወለሉን መግፋት ይጀምራል፤ ቱቦው እሱን ሰብስቦ ወደ ጉድጓዱ ያመጣዋል፣ ፓምፑ ደግሞ ወደ ግቢ ይወረውረዋል። ጥሩ አሠራር ነው። ችግሩ ፓምፑ የሚሠራው በመብራት መሆኑ፣ መብራቱን የሚወስደውና ጉድጓዱን የሚሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ማዕበል መሆኑ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የቆያችሁ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 የመጣውን ዴሬቾ የተባለ የነፋስ ማዕበል አትረሱትም፤ ብዙ ሰው በዚያ ሙቀት ለቀናት ያለ መብራት ከረመ።

እኔን ያስተማረኝ እዚያው አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በገባን በመጀመሪያው ዓመት የሆነው ነው። ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጸጥታ ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ፍሪጁ ግን ዝም ብሏል። ተመልሼ ተኛሁ። ጠዋት ደረጃውን ወርጄ ምንጣፉን ስረግጠው እግሬ ሰመጠ፤ እናቴ የላከችው በርበሬ ካርቶኑ ከሥሩ ርሶ ተቀዶ ነበር። አገር ቤት መብራት ሲሄድ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ሊጡ ይጠብቃል። ጉድጓድ ግን አይጠብቅም።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጉድጓዳችሁን ለኩ። ደህና ዝናብ ሲዘንብ ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉና ውሃው በአንድ ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚነሳ በሰዓት ያዙ፤ ስትጨርሱ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ! ብዙው ጉድጓድ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ በዚህ ልክ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት 1.6 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 3 ሴንቲ ሜትር ከተነሳ በሰዓት ወደ 290 ሊትር ይገባል ማለት ነው። ፓምፑ ከሚነሳበት ልክ እስከ ወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከቀረ፣ መብራት በሄደ በ10 ደቂቃ ውስጥ ውሃው ወለሉ ላይ ነው። ይህቺን ቁጥር ያወቀ ሰው እንደኔ ተመልሶ አይተኛም።

አሁን ባትሪውን እናስላ፤ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይህ ክፍል ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ቁጠሩ፤ 600። አንድ ሦስተኛ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ወደ 800 ዋት ይፈልጋል፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 900 በሉት። 40 ደቂቃ ብቻ! ይህን ሰምቶ ተስፋ የሚቆርጥ አለ። ግን ፓምፑ ሁልጊዜ አይሠራም። ከላይ ባልነው ፍጥነት በየሰባት ደቂቃው አሥራ አምስት ሰከንድ ነው የሚነሳው፤ በሰዓት ከ35 ዋት ሰዓት አይበልጥም። የሚገርመው፣ ኢንቨርተሩ ሥራ ፈትቶ ሲጠብቅ ራሱ 15 ዋት ገደማ ሊወስድ ይችላል። ሁለቱን ስትደምሩ አንዱ ባትሪ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆያችኋል። ዝናቡ እጥፍ ቢሆን የፓምፑ ድርሻ እጥፍ ይሆናል፣ ሰዓቱም ያጥራል።

ኢንቨርተር ስትመርጡ 800 ዋትን አትመልከቱ፤ ፓምፕ ሲነሳ ለአፍታ ከሁለት እጥፍ በላይ ይስባል፣ ያንን የማይችል ኢንቨርተር ወዲያው ይዘጋል። የመኪና ባትሪም አይሆንም፤ እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ እስከ ግማሹ ለመራገፍ አይደለም። ለጀልባና ለሶላር የሚሸጠውን ጠይቁ። የኔ ምርጫ ግን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከዋናው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ ነው። ኢንቨርተር አያስፈልገውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መብራት እያለ ዋናው ፓምፕ ራሱ ቢበላሽ ይተካዋል። በከተማ ቧንቧ ግፊት የሚሠራም አለ፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ግን የውሃ ቆጣሪያችሁን ያሮጠዋል፣ የግል ጉድጓድ ውሃ ለሚጠቀም ደግሞ አይሆንም።

ስለ ጀነሬተር አደራ እላችኋለሁ። በደንብ ያልነደደ ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ሰምተን አድገናል፤ የጀነሬተር ጭስም ከሰሉ የሚያወጣውን ያንኑ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የያዘው፣ መጠኑም ብዙ ነው። ቤዝመንት ውስጥ አይነሳ፤ በሩ የተከፈተ ጋራዥ ውስጥም አይነሳ። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከመስኮት ዞሮ ይቁም። ግድግዳ ሶኬት ላይ መልሳችሁ አትሰኩት፤ ኃይሉ በመስመሩ ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። ወፈር ያለ የውጭ ኤክስቴንሽን ዘርግታችሁ ፓምፑን እሱ ላይ ሰኩት።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የዋናውን ፓምፕ ብሬከር አጥፉና ባልዲ ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሩ። እኔ በየሦስት ወሩ አደርገዋለሁ፤ ልጄ መብራቱን ትይዝልኛለች። አራተኛው ባልዲ ላይ ትንሿ ፓምፕ ትነሳለች፣ ልጄ ግቢው ጋ ሮጣ ሄዳ ውሃው መውጣቱን ታይና "አባ፣ መጣ!" ትለኛለች።