የተጣራ ውሃና ዓሣ፦ ፒኤቹ ለምን አልቆም ይላል?

ከአርኦ ማጣሪያ የወጣ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቅዱና የፒኤች መለኪያ ወረቀት ንከሩበት። 6 አካባቢ ያሳያችኋል። ሌላ ወረቀት ስትነክሩ 6.5 ይላል። እስክሪብቶ የምትመስለዋን ዲጂታል መለኪያ ብትከቱ ደግሞ 6.8፣ 6.6፣ 6.3 እያለች አልቆም ትላለች። አኳሪየም የጀመረ ሰው እዚህ ጋ ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ ውሃው ተበላሽቷል፣ ወይ መለኪያው ፎርጂድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም አይደሉም። ውሃው በጣም ስለተጣራ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን በዚህ ምክንያት ብዙ ዓሣ ይሞታል። በተለይ ቁጥሩን አይቶ "ላስተካክለው" ያለ ሰው ቤት።

ፒኤች ማለት ውሃው ምን ያህል አሲድ ወይም አልካላይን እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ነው። ያወጣው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1909። የሚሠራውም በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ነበር (አዎ፣ የቢራው ካርልስበርግ)። 7 መሃል ላይ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን። ብዙዎቻችን የምንረሳው አንድ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ቁጥር 10 እጥፍ ነው። ፒኤቹ 6 የሆነ ውሃ 7 ከሆነው በ10 እጥፍ፣ 5 የሆነው ደግሞ በ100 እጥፍ አሲድነቱ ይበልጣል። ስለዚህ "በአንድ ብቻ ነው የቀነሰው" የሚባል ነገር የለም።

የተጣራው ውሃ ለምን አይረጋም? መልሱ የገፈርሳን ግድብ አልፋችሁ በዚያው መንገድ ብትቀጥሉ የምትደርሱበት ከተማ ላይ አለ፤ አምቦ። የአምቦ ውሃ ስትከፍቱ የሚፈላው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አሲድ ይሆናል፤ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገን እሱ ነው። ጠርሙሱ ክፍት ሆኖ ሲያድር ጋዙ ይወጣና ፒኤቹ ወደ ላይ ይሄዳል። በተጣራ ውሃ ላይ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። አየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ይገባበታል። ውሃው ውስጥ ያንን አሲድ የሚመክት ማዕድን ስለሌለ ፒኤቹ እስከ 5.6 አካባቢ ይወርዳል። ምንም ቆሻሻ አልገባበትም፤ አየር ብቻ ነው ያገኘው።

መለኪያዎቹም ይቸገራሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም ራሱ ደካማ አሲድ ነው። በተለመደ ውሃ ውስጥ ይህ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ በተጣራ ውሃ ውስጥ ግን ያቺ ትንሽ ቀለም የውሃውን ፒኤች ወደራሷ ትጎትተዋለች። ወረቀቱ የለካው ግማሹን ራሱን ነው ማለት ይቻላል። ዲጂታሉ ደግሞ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው የሟሟ ማዕድን በሌለበት ንባቡ ይዋልላል። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች እንኳን እንዲህ ያለውን ውሃ ለመለካት ትንሽ ንጹህ ፖታሲየም ክሎራይድ ይጨምሩበታል፣ አየር እንዳይነካውም ይከላከላሉ። እኛ ቤት ይህን ሁሉ ማድረግ አያስፈልገንም። ምክንያቱም የተጣራ ውሃ ለብቻው ያለው ፒኤች ለዓሣው ምንም አይነግረንም።

ለዓሣው ወሳኙ ባይካርቦኔት የሚባለው ነው። አኳሪየም ሰዎች ኬኤች ይሉታል። ባንክ እንዳስቀመጣችሁት ብር አስቡት። ዓሣው ይበላል፣ ይጸዳዳል፤ ባክቴሪያዎች ያንን ቆሻሻ ሲሰባብሩ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱ በተፈጠረ ቁጥር ከተቀማጩ ይቀነሳል። ብሩ እስካለ ድረስ ፒኤቹ ብዙም አይነቃነቅም። ያለቀ ቀን ግን ዝም ብሎ ይወድቃል፣ አንዳንዴ በአንድ ሌሊት። መቶ በመቶ በተጣራ ውሃ የተሞላ አኳሪየም አካውንቱ ዜሮ ሆኖ ነው የሚጀምረው።

አደገኛው ክፍል እዚህ ላይ ነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳ፣ ሌላው ዓሣ የሚገድል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው። 25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ፒኤቹ 7 ሲሆን ገዳዩ ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ 8 ሲሆን 5 በመቶ ይደርሳል፤ 9 ሲሆን አንድ ሦስተኛውን ያልፋል። ፒኤቹ ወደ 6 ሲወርድ ደግሞ ገዳዩ ከምንም አይቆጠርም፤ ግን ውሃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎችም ሥራ ስለሚያቆሙ አሞኒያው ዝም ብሎ ይከማቻል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ "ፒኤቹ 6 ነው፣ ላስተካክል" ብሎ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨመረ እንበል። ፒኤቹ ወደ 8 ይዘላል። ያ ሁሉ ተኝቶ የነበረ አሞኒያ በአንድ ጊዜ መርዝ ይሆናል። ጠዋት ሲነሳ ዓሦቹ ላይ ተንሳፈው ያገኛቸዋል፤ ፒኤቹ ግን "ልክ" ነው። ማድረግ የነበረበት ሶዳውን ትቶ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውሃ መቀየር ነበር።

ወደ ውሃችን እንምጣ። የገፈርሳ ግድብ የአዲስ አበባ አንጋፋ የውሃ ምንጭ ነው፤ ለገዳዲ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የገፈርሳው ማጣሪያ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲያመርት የተሠራ ነው። የግድብ ውሃ ማለት የዝናብ ውሃ ማለት ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ማዕድኑ ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። ጭቃው እንዲረጋ ሲባል እንዲህ ያለ ውሃ ላይ የሚጨመረው አሉም፣ በእኛ አገር ሸብ የምንለው፣ ከባይካርቦኔቱ ላይ ትንሽ ይበላል። የጉድጓድ ውሃ በተቃራኒው ማዕድን ይበዛዋል፤ ገና ሲወጣ ደግሞ ከመሬት ውስጥ ይዞት የመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለ ፒኤቹ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ሰዎች ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሲጠፋ ከቦቴ ይገዛል፣ ሁሉም አንድ ሮቶ ውስጥ ይገባል። ያለፈው ሳምንት የለካችሁት ውሃና የዛሬው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ከቧንቧ ወይም ከማጣሪያው እንደቀዳችሁ አትለኩ። ባልዲ ውስጥ አድርጉና ክፍቱን አንድ ቀን ይደር፤ የአየር ፓምፕ ካላችሁ ክተቱበት። ክሎሪኑ ይወጣል (ለዓሣ ጉሮሮ ክሎሪን መጥፎ ነው)፣ ጋዙም ከአየሩ ጋር ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ የምታገኙት ቁጥር ዓሣው የሚኖርበት ቁጥር ነው። የአየር ፓምፑን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። ፓምፑን ለጌጥ አትዩት።

የተጣራ ውሃ ግን የግድ ያስፈልጋል ወይ? ጎልድፊሽና ጋፒ ለሚያረባ ሰው በእኔ እይታ አያስፈልግም፤ ያደረ የቧንቧ ውሃ ይበቃቸዋል፣ ጋፒ እንዲያውም ማዕድን ያለው ውሃ ይመርጣል። እንደ ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ያሉት ከአማዞን አካባቢ የመጡ ስለሆኑ ለስላሳ ውሃ ይስማማቸዋል። "ዓሣ ሁሉ 7 ይወዳል" የሚባለው ወሬ ነው። የኛዎቹ የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ፒኤች 10 አካባቢ ነው፤ ኬንያ ማጋዲ ሐይቅ አካባቢ እንዲያ ባለው ውሃ ውስጥ የሚኖር የቆሮሶ ዘመድ አለ።

ለስላሳ ውሃ ከፈለጋችሁ የተጣራውን ከቧንቧው ጋር ቀላቅሉ። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው ሒሳቡ ላይ ነው። የ8ን እና የ5.6ን ውሃ እኩል ብትቀላቅሉ 6.8 አታገኙም። ባይካርቦኔቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ፒኤቹ ግን ከተናፈሰ በኋላ 7.7 አካባቢ ይሆናል፤ አስር እጥፍ ያልነው እዚህ ጋ ይሠራል። የታሸገ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሃይላንዱ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ከፒኤቹ ይልቅ ባይካርቦኔት የሚለውን ፈልጉ፤ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ አይታችሁ ለ22 አካፍሉት፣ የሚመጣው ኬኤች ነው። 88 ከሆነ 4 ማለት ነው፣ ለብዙ ዓሣ ጥሩ ነው። 10 ምናምን ከሆነ ብቻውን አትጠቀሙት።

ዲጂታል መለኪያ ያላችሁ፣ አብረውት የመጡትን ትንንሽ የዱቄት ፓኬቶች አትጣሏቸው። 6.86 እና 4.01 (ወይም 9.18) የሚል ተጽፎባቸዋል፤ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙ ጊዜ 250 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ይበጠበጡና መለኪያው በነሱ ይስተካከላል። ሳይስተካከል ወራት የቆየ መለኪያ ግምት ነው የሚነግራችሁ። ለመበጥበጫ ከነዳጅ ማደያ "የባትሪ ውሃ" የምትገዙ ከሆነ ዲስቲልድ መሆኑን ደጋግማችሁ አረጋግጡ፤ የባትሪ አሲድም ተመሳሳይ ጀሪካን ውስጥ ይሸጣል፣ እሱ እጅ ያቃጥላል። የመለኪያውን ጫፍ ደግሞ የተጣራ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አታሳድሩት፤ ውስጡ ያለውን ጨው እየሳበ ያበላሸዋል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ አለ።

ሌላው ሰዓት ነው። አኳሪየማችሁ ውስጥ ዕፅዋት ካሉ ቀን ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚጠቀሙት ፒኤቹ ከፍ ይላል፤ ሌሊት ሁሉም ሲተነፍስ ይወርዳል። ጠዋት 7.0 አይታችሁ ማታ 7.4 ብታገኙ ምንም አልተፈጠረም። ሁሌ በአንድ ሰዓት ለኩ፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ኖት ላይ ጻፉት፤ ከሳምንት ሳምንት እየወረደ ከሄደ ያኔ ውሃ ቀይሩ።