መንገድ መሪው ደዌ

በምዕራብ ወለጋ በቦጂ አገር፣ በቢላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡናና የበቆሎ መንደሮች፣ እንደ መላው ኢትዮጵያ ሁሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታ እጅግ የሚፈራ ደዌ ነው። የሚያስፈራውም ገዳይነቱ ብቻ ሳይሆን አመጣጡ ጭምር ነው፤ የተነከሰው ሰው ቁስሉ ሽሮ፣ ነገሩን ረስቶ፣ ወደ እርሻው ተመልሶ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ድንገት ውሃ ያስደነግጠዋል፣ ልቡናው ይታወካል፣ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ያርፋል። ፊቱን የተነከሰው እግሩን ከተነከሰው ይልቅ ቶሎ የሚያዘው፣ ደዌው በደም ሳይሆን በነርቭ ውስጥ በቀን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል እየተጓዘ፣ በሕብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል ስለሚወጣና የመንገዱ ርዝመት የጊዜውን ርዝመት ስለሚወስን ነው። ይህ ክፉ መንገደኛ የአንጎልን ስውር ጎዳና ለሚመረምሩ ሊቃውንት እንዴት ታማኝ መሪ እንደሆነ ለአንባቢ ማስተዋወቅ እወዳለሁ።

ምርምሩ በአብዛኛው የሚደረገው በአይጥ ላይ ነው። የትንሿ የቤት አይጥ አንጎል ክብደቱ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ነገር ግን ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት በውስጡ ይገኛሉ። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል ሕዋሳት ስላሉት ከእርሱ ጋር ሲተያይ ጥቂት ቢመስልም፣ በአሠራር ሥርዓታቸው ግን ሁለቱ ብዙ የሚመሳሰሉበት አለ። የፊት አንጎል የሚባለው ክፍል በሰው የተጨማደደ፣ በአይጥ ግን ለስላሳ የሆነውን የላይኛውን ልባስ፣ የስሜትን መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ታላመስን፣ ረኃብንና ጥማትን የሚቆጣጠረውን ሃይፖታላመስን፣ እንዲሁም የእንቅስቃሴንና የትዝታን ማዕከላት ያጠቃልላል። አይጥ በጨለማ ጎተራ ውስጥ የምትመራው በዓይኗ ሳይሆን በጢሟ ነውና፣ የአንዱ ጢም ንክኪ ወደ አንጎል ግንድ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ማዶ ተሻግሮ ታላመስ ይደርሳል፣ ከታላመስም ወደ ላይኛው ልባስ ይወጣል። ዉልሲና ቫን ደር ሎስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) በ1970 እንደገለጹት፣ በዚያ ልባስ ላይ ለእያንዳንዱ ጢም የራሱ የሕዋሳት ክምችት ተመድቦለታል፤ ክምችቶቹም የተሰለፉት ጢሞቹ በአፍንጫው ዙሪያ በተሰለፉበት ተራ ነው። ይህን ሥርዓት የሚያስተውል ሰው ስለ ፍጥረት ጥበብ ሳይደነቅ ያልፋል ብዬ አላምንም።

ይሁን እንጂ መንገዱን ማየት ቀላል አልነበረም። የነርቭ ክሮች ከጠጉር እጅግ የቀጠኑና እርስ በርስ የተወሳሰቡ በመሆናቸው፣ ሁሉም በአንድነት ቀለም ቢነከሩ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ጣልያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ያገኘው የብር ቀለም ግን ከብዙዎቹ ሕዋሳት ጥቂቶቹን ብቻ ያጠቁር ስለነበር፣ በጥቅጥቅ ጫካ መካከል አንዱን ዛፍ ከነቅርንጫፉና ከነሥሩ ለይቶ እንደማየት ሆነ። እስፓኛዊው ራሞን ኢ ካሃልም በዚሁ ቀለም ተጠቅሞ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ለብቻው የቆመ መሆኑን አስረዳ፤ በ1906 ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ሲካፈሉም በዚህ ጉዳይ ገና አልተስማሙም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዘዴዎች፣ ማለት በ1950ዎቹ ናውታ የተቆረጠና የሚበሰብስ ክርን በብር የለየበት፣ በ1970ዎቹም መጀመሪያ በክሩ ጫፍ ገብቶ ወደ ሕዋሱ የሚመለስ ኢንዛይም የተሠራበት፣ ብዙ ቢያስተምሩም በአንድ ሕዋስ ወሰን የሚቆሙ ነበሩ። ለዚያ ሕዋስ መልእክት የሚልክለት ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልነበራቸውም።

የእብድ ውሻ ቫይረስ የሚሻገረው ይህንኑ ወሰን ነው። ከመልእክት ተቀባዩ ሕዋስ ወደ መልእክት ላኪው፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይጓዛል። ፓስተር በ1885 ክትባቱን ያዘጋጀው በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ሕብለ ሰረሰር ነበር፤ በአገራችንም በስሙ ፓስተር እየተባለ በሚጠራው የጉለሌ ስፍራ ለብዙ ዓመታት የተሠራው ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ የቫይረሱ ማደሪያ ነርቭ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነገር ነውና። ችግሩ ቫይረሱ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ ሦስተኛው ሳያቋርጥ መሻገሩ ነው፤ በዚህም ምክንያት ቅርቡና ሩቁ ይደባለቃል። በ2007 ዊከርሻም፣ ካላዌይና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ይህን ፈቱት። በአውሮፓ የዱር ቀበሮዎች ከተከተቡበት የተዳከመ ዝርያ ተነሥተው፣ ቫይረሱ ከሕዋስ ለመሻገር የሚያስፈልገውን የራሱን የውጭ ሽፋን ፕሮቲን የሚያዝዘውን ጂን ነቀሉለት፣ በምትኩም ብርሃን የሚፈነጥቅ ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን ተከሉበት። የጎደለውን ፕሮቲን የሚያገኘው ሊቃውንቱ አስቀድመው ባዘጋጁለት በመነሻው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተሻግሮ በዚያው ይቀራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አይጧ ሕይወቷ አልፎ አንጎሏ በስሱ ተሸንሽኖ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ለመነሻው ሕዋስ በቀጥታ መልእክት የሚልኩት እያበሩ ይታያሉ። የእንስሳዋ ሞት የዚህ ዕውቀት ዋጋ ነው፤ ዋጋውም ሳይታሰብ ሊታለፍ አይገባም።

በዚህ መንገድ የተገኘው ብዙ ነው። በፓርኪንሰን ደዌ ጊዜ የሚሞቱት፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት፣ በአይጥ አንጎል ውስጥ ከየትኞቹ የፊት አንጎል ክፍሎች መልእክት እንደሚቀበሉ በዚሁ ቫይረስ ተመርምሯል። በሲያትል ያለው የአለን ተቋምም በሌላ ዓይነት ቫይረስ፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት እየተከተለ፣ ከ400 በላይ የአይጥ አንጎሎችን መርምሮ በ2014 የመንገዶቹን ካርታ አሳትሟል።

ዘዴው ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ቫይረሱ መልእክት ላኪዎቹን ሁሉ አይደርስባቸውም፤ የደረሰባቸውንም ሕዋሳት ውሎ አድሮ ይጎዳቸዋል፤ በዚህም የተነሣ እንስሳዋ በሕይወት ሳለች የእነዚያን ሕዋሳት ሥራ ለረጅም ጊዜ መከታተል አዳጋች ነበር። በ2018 ቫይረሱ የሚባዛበትን ጂን ጭምር በመንቀል፣ ሕዋሱን ሳይገድል ለወራት የሚቆይ ዓይነት ቀርቧል፤ አሁን ሊቃውንቱ የሚደክሙበትም የመንገዱን መኖር ከማወቅ አልፎ፣ አይጧ ስትራብ፣ ስትፈራ ወይም ስትማር በዚያ መንገድ የሚያልፈውን መልእክት ለማንበብ ነው።