ያውቁ ኖሯል? ደጋና ቬንቲሌተር

ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲጓዙ በሚያገኟት ጥሊሊም ሆነ በባሕር ዳርቻ፣ ከአየሩ 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው። ደጋ ላይ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ስለዚህ አንዳንድ ቬንቲሌተሮች (የመተንፈሻ ማሽኖች) የቦታው ከፍታ ካልተሞላላቸው የሚሰጡትን አየር አሳስተው ይለካሉ።

ለአዋቂ ታካሚ የአንዱ ትንፋሽ መጠን የሚሰላውም ሚዛን ላይ በሚታየው ክብደት ሳይሆን በቁመትና በጾታ ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይሰፋማ! የሚከለክል ምክንያት ከሌለ የታካሚው አልጋ ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል፤ ከጨጓራ የሚመለስ ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይገባ። መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ቢከዳስ? በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ባግ ከአልጋው አጠገብ መራቅ የለበትም።