«የፍሬን ቱቦውን ራሴ ብሠራውስ?» ላላችሁን

ጉዱማሌ በር ላይ ተሳፋሪ ከሚጠብቁት ባጃጆች አንዱ ስር ዝቅ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚሄድ፣ ከእርሳስ የቀጠነ የብረት ቱቦ አለ። ፍሬን ሲረገጥ የእግራችን ጉልበት ጎማው ጋር የሚደርሰው በዚያ ቱቦ ውስጥ ባለው ዘይት ነው።

ሰሞኑን አንድ የሐዋሳ ባጃጅ ሹፌር በውስጥ መስመር ጻፈልን። «ቱቦው መጋጠሚያው ጋ ዘይት ያንጠባጥባል። ጓደኛዬ የቱቦ ጫፍ መክፈቻ አለው። ቤት ልሥራው ወይስ አደገኛ ነው?» የሚል ነው።

አጭሩ መልስ፦ ይሠራል። ግን ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው መክፈቻ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለምን እንደሆነ እናስረዳችሁ፤ ሹፌር ባትሆኑም ተሳፋሪ መሆናችሁ አይቀርም።

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ። ፔዳሉን በ30 ኪሎ ጉልበት ረገጣችሁ እንበል። ፔዳሉ ራሱ ማንሻ ስለሆነ 5 እጥፍ ቢያበዛው 150 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚገፋው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የፖምፓ ፒስተን ነው። ሲካፈል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 48 ኪሎ ይመጣል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ግን 2 ኪሎ አካባቢ ነው። ሰው ዘሎ መንገድ ሲገባባችሁ ደግሞ በ30 ኪሎ አትረግጡም፤ ባለ በሌለ ኃይላችሁ ነው።

ያን ሁሉ ግፊት ይዞ የሚቆየው ጎሚኒ ወይም ማጣበቂያ አይደለም። የቱቦው ጫፍ ራሱ ነው። ጫፉ እንደ መለከት አፍ ይከፈታል፣ ዳዶው ከኋላው ገፍቶ መቀመጫው ላይ ያጣብቀዋል፣ ብረት ከብረት ጋር ይዘጋል። ባለሙያዎቹ ፍሌር ይሉታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የፍሪጅ ሠራተኞች የሚይዙት መክፈቻ ቱቦውን አንዴ ብቻ ነው የሚከፍተው። ለፍሪጅ መዳብ በቂ ነው። ለፍሬን ግን ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ድርብ መሆን አለበት። ነጠላው ጫፍ ስስ ስለሆነ ዳዶው ሲጠብቅ ዳሩ ይሰነጠቃል፣ ወይም ዛሬ ይዞ ከወር በኋላ ይለቃል። እኛን የሚያስፈራን ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም የሠራው ሰው «ያው ሠርቷል» ብሎ ረስቶታል።

ጠያቂያችንን «የድሮውን ጫፍ ፈትተህ ፎቶ ላክልን» አልነው። ላከ። ነጠላ ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ቆርጦ ቀጥሎታል ማለት ነው፤ ዳሩ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በስልክ ካሜራ እንኳን ትታያለች። እሱ ባጃጁን የገዛው ከሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሠራው አያውቅም። በዚያ ፍሬን ስንት ሰው እንዳመላለሰ አስቡት። በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ ሲከበር ጉዱማሌ ዙሪያ ያለውን ሕዝብ የምታውቁ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

እሺ፣ እንዴት ይሠራል?

ዕቃው ላይ አትሸወዱ። የፍሪጅ መዳብ ለስላሳ ስለሆነና በቀላሉ ስለሚከፈት ያጓጓል። ግን ንዝረት ሲደጋገምበት ይደክምና ይሰነጠቃል። ለፍሬን የተሠራ የብረት ቱቦ ግዙ፤ ወይም ከመዳብና ከኒኬል የተቀላቀለውን ካገኛችሁ እሱን። ይኸኛው አይዝግም፣ ለጀማሪም ይመቻል፤ ቮልቮ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መኪኖቹ ላይ የገጠመው እሱን ነው። ውፍረቱን ከድሮው ጋር አለካኩ፤ ብዙ ትንንሽ መኪና ላይ የምታገኙት 4.75 ሚሊ ነው።

የጫፉንም ቅርጽ ከድሮው እዩ። ብዙ የጃፓን መኪኖች ድርብ መለከት ነው ያላቸው። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ግን ጫፉ እንደ አረፋ ያበጠ ነው። መቀመጫቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገደድ አይቻልም፤ ዳዶው ቢገባም ያፈሳል።

ቱቦውን በሴጌቶ አትቁረጡት፤ ጫፉ ይንጋደዳል፣ ብናኙም ውስጥ ይገባል። እየዞረ የሚቆርጥ የቱቦ መቁረጫ አለ፣ በእሱ ነው። ከዚያ ጫፉን በሞረድ ቀጥ አድርጉ፣ የውስጡንና የውጭውን ሹል ጠርዝ አንሱ፣ ብናኙን በንፋስ አስወጡ። አሰልቺ ነው፤ ግን አብዛኛው የተሰነጠቀ ጫፍ የሚመጣው ይህን ከመዝለል ነው።

አሁን ዳዶውን አስገቡ። አዎ፣ ከመክፈታችሁ በፊት! ጫፉ ከተከፈተ በኋላ ዳዶው አይገባም። ይህን ሳይረሳ ሙያውን የለመደ ያለ አይመስለንም።

ቱቦውን መቆንጠጫው ላይ በልኩ ቀዳዳ አስገብታችሁ አጥብቁ። ከመቆንጠጫው በላይ ምን ያህል ይውጣ? ለድርብ የሚሆነው መክፈቻ ከትንንሽ ክብ ብረቶች ጋር ነው የሚመጣው። ለቱቦው ውፍረት የተሠራውን ክብ ብረት ጎኑ ላይ አስቀምጡ፤ የታችኛው እርከኑ ቁመት ልኩ ነው። የፍሬን ዘይት ጠብ አድርጉበት። ክብ ብረቱን አፉ ላይ ሰክታችሁ በጠምዛዡ እስከ መጨረሻው ጫኑት፤ ጫፉ ያብጣል። ብረቱን አውጡና አሁን በሾጣጣው ብቻ ጫኑት፤ ያበጠው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ድርብ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ጋ ጉልበት አታብዙ፣ ከልክ በላይ ከተጫነ ይሳሳል።

ከዚያ መብራት ላይ እዩት። ክቡ ዙሪያውን እኩል ነው? ወደ አንድ ጎን አላዘነበለም? ስንጥቅ አለ? ትንሽ እንኳን ካለ ቆርጣችሁ እንደገና። «ዳዶው ሲጠብቅ ይስተካከላል» የሚላችሁን አትስሙ። የመጀመሪያ ሙከራችሁን ደግሞ በቁራጭ ቱቦ አድርጉ፣ ሊገጠም ባለው ላይ አይደለም።

ከተገጠመ በኋላ አዲስ የፍሬን ዘይት ሞልታችሁ አየሩን አስወጡ። በቦታው የሞተር ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች አሳብጦ ፍሬኑን በሙሉ ያበላሸዋል። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፣ መርዝም ነው፣ ከልጆች አርቁት።

መጋጠሚያውን በሶፍት ጥርግ አድርጉ። አንድ ሰው ሞተር አስነስቶ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ሙሉ አጥብቆ ይርገጥ፣ እናንተ በሌላ ሶፍት ዳብሱት። ከረጠበ አልሆነም። ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደም አልሆነም። ደረቅ ከሆነ ባዶ ሜዳ ላይ በቀስታ ደጋግማችሁ ሞክሩ፣ እንደገና ዳብሱ፣ ከዚያ ልምድ ላለው መካኒክ አሳዩት። ተሳፋሪ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ሳንረሳ፦ የሚያፈሰው ጎማው ጋ ያለው የሚተጣጠፍ ላስቲክ ቱቦ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። እሱ አይቀጠልም፣ ተዘጋጅቶ የመጣ አዲስ ይገዛል።

ጠያቂያችን ጓደኛው ጋ ያለው የፍሪጅ መክፈቻ መሆኑን አይቶ ድርቡን ተውሷል። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ላከልን፤ ሦስት የተበላሹ ጫፎች፣ አንደኛው ያዘነበለ፣ ሁለቱ የተሰነጠቁ። አራተኛው ቆንጆ ነው። ግን ሲቆርጥ ሲቆርጥ ቱቦው አጥሮበት አዲስ ሊገዛ ገበያ ወጥቷል። ባጃጁ ቆማለች።