ማስረሻ ከመባሉ በፊት

የነፍሰ ጡርን ሆድ በጀሶ ፋሻ ሸፍኖ ቅርጹን ማስቀረት፣ የጨቅላን እጅና እግር በጀሶ አውጥቶ በፍሬም መስቀል ውጭ አገር ከተለመደ ቆይቷል። ለደባርቅና ለዳባት ይሆናል ወይ ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የሆዱ ብዙም አያስፈልገንም፤ የእጅና የእግሩ ግን ያስፈልገናል፣ ያውም ልጅ ላደገላቸው ሳይሆን ልጅ ላልቆየላቸው እናቶች።

የሆዱን በአጭሩ ልጨርስ። እኛ ዘንድ እርግዝና ቢታይም አይወራም። ሆዷ የገፋ ሴት ስናይ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለን እናልፋለን፤ ስንት ወርሽ ነው ማለት፣ የሕፃን ልብስ ቀድሞ መግዛት አይወደድም። ይህን የቡዳ ፍርሃት ብቻ አድርጎ ማየት ይቀላል፤ ከጀርባው ግን ሒሳብ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚለው በአገሪቱ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን አይጨርሱም ነበር፤ ከ100,000 ወሊድም 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ያልመጣን እንግዳ አስቀድሞ አለማወደስ ጥንቃቄ ነው። ልጁ ባይቀርላት ግድግዳዋ ላይ የሚቀረው የባዶ ሆድ ቅርፊት ነውና። ሆኖም ላስቀርጽ የምትል ብትኖር አልከለክላትም፤ ቆዳዋን ቫዝሊን በደንብ ትቀባ፣ ተደግፋ ትቀመጥ እንጂ በጀርባዋ አትንጋለል (ማህፀኑ ትልቁን ደም መላሽ ሥር ይጫነዋል)፣ የሚደረግላትም ስብራት የሚታሰርበት ፋሻ እንጂ ከባልዲ የተዛቀ ጀሶ አይሁን።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ልጁ ገና ሙሉ በሙሉ የሰፈሩ ሰው አልሆነም። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ እንዲጠመቅ ይፈቀዳል፤ ሳይጠመቅ ካረፈ ግን ፍትሐት የለውም፣ ተዝካርም የለውም። መዝገብም አልነበረውም፤ በዚያው ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዳባት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ወረዳ ናት፤ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የምርምር ማዕከል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ እርግዝናን፣ ልደትንና ሞትን ይመዘግባል። ለሳይንሱ ትልቅ ሀብት ነው። ለእናቲቱ ግን ልጇ እዚያ መስመር ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ እሷ እጅ የገባ ነገር የለም። ጎረቤትም «ምትክ ይስጥሽ» ይላትና ወደ ሥራው ይሄዳል።

መርሳት ጥበብ ነው፣ ቁስል አትነካኩ የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ግን እስቲ የአገሩን ስም ጥሪ ስሙ፦ ማስረሻ፣ ካሳ፣ ካሳነሽ፣ ምትኩ፣ ተካ። ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ ከሞተ ልጅ በኋላ ለተወለደ የሚሰጡ ናቸው። ማስረሻ የሚባል ልጅ ባለበት ቤት ማን ረሳ? በጠሩት ቁጥር የቀደመው ይታወሳል። ሟቹ የራሱ ምልክት ስለሌለው ሕያው ወንድሙ በስሙ ተሸክሞት ያድጋል። የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ ማስታወሱ ድሮም አለ፤ ያጣነው ማስታወሻውን ነው።

እንግሊዝ ውስጥም እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሞቶ የተወለደን ልጅ እናቱ ሳታየው ፈጥኖ መውሰድ የተለመደ ነበር፤ ምክንያቱም ይኸው ነበር፣ ቶሎ እንድትረሳ። በ1978 እ.ኤ.አ. ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ሳንድስ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ የእጅና የእግር አሻራ ለወላጆች በሚሰጥ የማስታወሻ ሣጥን ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በ2002 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሞቶ የተወለደ ልጃቸውን ያቀፉ እናቶች በሚቀጥለው እርግዝናቸው ድባቴ በርትቶባቸው አግኝቷል። ማስታወሻ በማስቀመጣቸው ግን የባሰ ጉዳት አልታየም፤ የተጠኑት ሴቶች ጥቂት መሆናቸው ባይረሳም። ስለዚህ አስገድዶ ማሳቀፍ ሌላ፣ አሻራ ማስቀረት ሌላ ነው።

«ጀሶ ደግሞ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ለሚለው፣ የጀሶ ድንጋይ አባይ በረሃ ጎሐ ጽዮን ሥር ተነጥፎ ያለ የራሳችን ነገር ነው። ሊያስፈራን የሚገባው ሙቀቱ ነው። ጀሶ ውኃ ሲነካው ይግላል፤ ወፍራም ከሆነ እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ እጆቿን የጀሶ ባልዲ ውስጥ ነክራ አብዛኞቹን ጣቶቿን አጥታለች። ስለዚህ እርጥብ ጀሶ የሕፃን ገላ ፈጽሞ አይነካም። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ቅርጽ የሚወስዱበት፣ ከባሕር አረም የሚሠራው አልጂኔት የተባለ ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ በደባርቅ ብርድ ውኃው ለብ ቢል ይሻላል፤ እጁ ይነከራል፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቆይቶ እንደ ጎማ ሲረጋ ይወጣል፤ ጀሶው የሚፈሰው በቀረው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ መጠንከሩ አይቀርም፣ የሚዘገየው መድረቁ ነው፤ እርጥቡን ሣጥን ከከተቱት ይሻግታል።

ይህ ሁሉ ከሌለ ጀሶው የግድ አይደለም። የቀለም ንጣፍ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት በአውራ ጣቷ ስትፈርምበት የኖረችው ነው። በደባርቅ ሆስፒታልም ሆነ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ አዋላጆች፣ ማዋለጃ ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ንጣፍና ጥቂት ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ልጁ ካረፈ እናቲቱን ጠይቋት። አይሁን ካለች ይቅር። ይሁን ብላ አሁን ግን ማየት ካልቻለች፣ ወረቀቱን በፖስታ አሽጋችሁ ከካርዷ ጋር አኑሩላት፤ ስትጠይቅ ትሰጧታላችሁ።