«ዶክተር፣ እኔም እንደ ወንድሜ እሆናለሁ እንዴ?»

ዛሬ ስለ አንዲት ታዳጊና ስለ አንድ ልቦለድ ላጫውታችሁ።

ልጅቷ 16 ዓመት ቢሆናት ነው። ታላቅ ወንድሟ ድምፅ ይሰማዋል፤ «ሊገድሉኝ ነው» ይላል። እናቱ ስታስረዳኝ እሷ ካርዱን ይዛ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች። ሊወጡ ሲሉ ወደኋላ ቀረት ብላ ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ስጠይቅ፣ እሷን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላልኳትም።

ያኔ ትዝ ያለኝ አሜሪካዊው ኒል ሹስተርማን ለወጣቶች የጻፈው «ቻሌንጀር ዲፕ» ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በሀገሩ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነውን የናሽናል ቡክ አዋርድ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ አሸንፏል። የታሪኩ መነሻ የደራሲው የገዛ ልጁ ህመም ነው፤ ስዕሎቹንም የሳለው ልጁ ነው።

ባለታሪኩ ኬደን 15 ዓመቱ ነው። የትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ሊገድለው እንደሚፈልግ ያምናል። ታሪኩ አንዴ ቤትና ሆስፒታል፣ አንዴ ደግሞ ወደ ውቅያኖስ ጥልቀት በሚጓዝ መርከብ ላይ ነው። የቱ እውን እንደሆነ አንባቢው ይምታታበታል፤ ህመሙም እኮ እንዲህ ነው! ኬደን ጭራቅ አይደለም። በተአምርም አይድንም፤ ህመሙ ሊመለስ እንደሚችል እያወቀ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። እዚያ ቤት ማኬንዚ የምትባል ታናሽ እህት አለችው። የሚያውቋት የታመመው ልጅ እህት ናት፣ ግን እሷም ልጅ ናት።

ለዚያች ታዳጊ የነገርኳት እውነቱን ነው። ስኪዞፍሬኒያ ከ100 ሰው 1 ገደማ ላይ ይታያል። ወንድም ወይም እህት ሲታመም ቁጥሩ ወደ 10 ይጠጋል። ስጋቱ ይጨምራል፣ ግን ከ100ው 90 የሚሆኑት አይታመሙም። ጋንጃ ስጋቱን ስለሚያባብስ እንድትርቀው መከርኳት። «ደግሞ ስለተጣላችሁ አይደለም የታመመው» ስላት አለቀሰች። ለካ ስትፈራ የኖረችው ይህንንም ነበር።

ወላጆች፣ እባካችሁ፦
✅ የህመሙን ስም ለወንድምና እህቶቹ በእድሜያቸው ልክ ንገሯቸው።
✅ ቢናደዱ ወይም ቢያፍሩ አትቆጧቸው፤ አድምጧቸው።
✅ አስታማሚ ብቻ አታድርጓቸው፤ ይማሩ፣ ይጫወቱ።
✅ ከሰው መራቅ፣ ያለምክንያት መጠራጠር ወይም እንቅልፍ ማጣት ከበረታባቸው ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ጸበል የምትወስዱም ብትሆኑ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

ዛሬ ማታ ዝም ያለውን ልጅ «አንተስ?» በሉት።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት።